ሁለት አንደኞች በአንድ ተራራ

ጥቁር ባሕር በምሥራቅ በኩል ከካውካሰስ ተራሮች ግርጌ በሚደርስበት ጠረፍ ላይ ሶቺ የምትባል የሩሲያ ከተማ ትገኛለች። የሩሲያ ስም ሲነሣ ብርድና ፀጉራም ቆብ ብቻ ትዝ ለሚለው ሰው ይህች ከተማ እንግዳ ነገር ናት። በመንገዶቿ ግራና ቀኝ ዘንባባ ተተክሎባታል፤ ከጀርባዋ ባሉት ኮረብቶችም ላይ ሻይ ይለቀማል። ሻይ ከሚመረትባቸው የዓለም ቦታዎች መካከል ይህን ያህል ወደ ሰሜን የራቁት በጣም ጥቂቶች ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ የሩሲያ ሕዝብ በባሕር ለመዋኘትና ፀሐይ ለመሞቅ የሚጎርፈው ወደዚችው ከተማ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ የ2014 የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታ የተደረገው በዚህች በዘንባባ ከተማ ነው ብላችሁ ብትሰሙ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።) ምሥጢሩ ያለው ከባሕሩ ዳር ሳይሆን ከከተማዋ ጀርባ ነው። የምዚምታን ወንዝ ተከትላችሁ ወደ ላይ ብትወጡ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዳችሁ ክራስናያ ፖልያና ከምትባል የተራራ መንደር ትደርሳላችሁ። በዚህ አጭር መንገድ ዘንባባው ይቀርና ጥድ ይተካዋል፤ ሙቀቱም ቀርቶ ብርድ ይሆናል። ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደጀን ለወጣ የእኛ አገር ሰው ይህ ብዙ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቆላና ደጋ ተጎራብተው ሲኖሩ እያየ አድጓል። ልዩነቱ ከዚያ ደጋ በላይ የሰው ቁመት የሚያህል ነጭ ነገር ተጋግሮ መገኘቱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃል አንድ ነገር ልበል። በረዶ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው በክረምት ከዝናብ ጋር እየወረደ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን፣ የደረሰ ገብስ የሚያጠፋውን ጠጣር ነገር ነው። የካውካሰሱ ግን ሌላ ነው። ድምፅ የለውም፤ እንደ ባዘቶ እየረበበ ይወርድና ይከመራል። አመዳይ የሚለው የቀድሞ ቃላችን ይስማማዋልና እኔም በዚሁ እጠራዋለሁ። ከእኛ ወገን በአመዳይ ላይ በኦሊምፒክ ስሙን ያስጻፈው ሮቤል ተክለማርያም ነው፤ በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር አገር አቋራጭ በሆነው የስኪ ሩጫ ተሰልፏል። በሶቺ ግን ኢትዮጵያ ተወዳዳሪ አልነበራትም።

ወደ መንደሯ እንመለስ። ክራስናያ ፖልያና ማለት በሩሲያ ቋንቋ ቀይ መስክ ማለት ነው፤ በመከር ወራት ከሚቀላው የዱር ቅጠል የተነሣ የወጣላት ስም ነው ይባላል። ዳሩ ግን ቦታዋ ቀድሞ ክባዳ የሚባል ሌላ ስም ነበራት። በዚያ አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ሰርካሲያውያን ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ጦር ጋር ብዙ ዐሥርት ዓመታት ተዋግተው በ1864 ተሸነፉ፤ ይኸውም በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው በነበሩበት ዘመን ነው። የድሉ ሰልፍ የተደረገው በዚሁ በክባዳ መስክ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ሕዝብ ከአገሩ ተነቅሎ በባሕር ወደ ቱርክ ግዛት ተጋዘ፤ በጠረፉ ላይ መርከብ ሲጠብቅ፣ በመርከቡም ውስጥ ሳለ በረኃብና በበሽታ ያለቀው ብዙ ነው። ባዶ በቀረው ሸለቆ ውስጥ ግሪኮች መጥተው ሰፈሩ፤ ቀጥሎም ከባልቲክ ባሕር ዳር የመጡ ኢስቶኒያውያን ገቡ። ኤስቶ ሳዶክ የምትባለው መንደራቸው ዛሬም አለች። ውድድሩ የተደረገበት ሮዛ ኹቶርም ስሙን ያገኘው ሮሳ ከሚባል የኢስቶኒያ ሰፋሪ ነው፤ ኹቶር ማለት ለብቻው የቆመ የገበሬ ቤትና ማሳ ነው።

ጨዋታው የተደረገበት 2014 ዓመት ከዚያ ስደት 150ኛው ዓመት ነበር። በቱርክ፣ በዮርዳኖስና በአሜሪካ የሚኖሩ የሰርካሲያውያን ልጆች ጨዋታው በዚያ ቦታ እንዳይደረግ በአደባባይ ሰልፍ ወጥተዋል፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ስለ ተራራው ውበት ብቻ አውርቶ ይህን መዝለል ለእኔ አግባብ መስሎ አልታየኝም።

አሁን ተራራውን እንውጣ። የሴቶች የቁልቁለት ሽቅድምድም የሚነሣው ከባሕር ወለል በላይ 1,755 ሜትር ላይ ነው፤ የሚያልቀው 965 ሜትር ላይ ነው። የመንገዱ ርዝመት 2,713 ሜትር፣ ከላይ እስከ ታች ያለው ቁልቁለት 790 ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይገምተው፤ ከእንጦጦ አናት እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ የምንወርደው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። እኛ ግን ይህን የምንወርደው በብዙ ጠመዝማዛ ኪሎ ሜትር ነው፤ እነርሱ ከሦስት ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ፣ ያውም ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሱታል።

መንገዱን የነደፈው ስዊሱ በርንሃርድ ሩሲ ነው። እርሱ ራሱ በ1972 በሳፖሮ የወንዶችን የቁልቁለት ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ለሌሎች ቁልቁለት መንደፍ ሆነ። የዚህ ዓይነት ነዳፊ ሥራ የመንገድ መሐንዲስ ሥራ ተገልብጦ ማለት ነው። መሐንዲሱ ተጓዡ እንዳይፈራ ይደክማል፤ ይኸኛው ፍርሃቱን በልክ ያድላል። እዚህ ላይ መታጠፊያ ይሰጣል፣ እዚያ ላይ መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋና ተንሸራታቿ በአየር ላይ ትቀራለች። ልኩን አንዳንድ ጊዜ ስተው ይገኛል። በሮዛ ኹቶር የመጀመሪያው የሴቶች ልምምድ ቀን ጥቂት ሴቶች እንደ ወረዱ ልምምዱ ቆመ፤ የመጨረሻው መዝለያ ከታሰበው በላይ አርቆ የሚወረውር ሆኖ ስለ ተገኘ ሠራተኞች አካፋ ይዘው ገብተው ዝቅ አደረጉት።

የውድድሩ ሕግ ቀላል ነው። ተወዳዳሪዎቹ ጎን ለጎን አይሮጡም፤ አንዷ ከወረደች በኋላ ሌላዋ ትከተላለች። እያንዳንዷ የምትወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። በእግሯ ላይ ከ2 ሜትር ከ10 የማያንስ ርዝመት ያላቸው ሁለት ቀጫጭን ሳንቃዎች ታስራለች፤ ስኪ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በመነሻው ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ ከቅልጥሟ ፊት ተጋድማ ትጠብቃለች። ቅልጥሟ ዘንጉን ገፍቶ ሲከፍት ሰዓቱ መቍጠር ይጀምራል፤ ከታች በመድረሻው ላይ የተዘረጋውን የብርሃን መሥመር በአካሏ ስትቆርጥ ይቆማል። በመካከል ጉልበቷን አጥፋ፣ ጀርባዋን እንደ ጠረጴዛ አስተኝታ፣ እጆቿን ከአገጯ ፊት ሰብስባ ነፋሱን ማታለል አለባት። በየበሩ ባንዲራ መካከል ማለፍ ግዴታ ነው፤ አንዱን በር የሳተች ሁሉንም አጣች።

በሶቺ ሌላም ጠላት ነበር፤ እርሱም ሙቀት ነው። ከባሕሩ የሚወጣው ለስላሳ አየር እስከ ተራራው ይዘልቃል። አዘጋጆቹ ይህን ፈርተው በመቶ ሺሕ በሚቈጠር ሜትር ኩብ አመዳይ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሽፋን በታች አከማችተው ነበር። በጨዋታዎቹ ቀናት ከስዊስ አገር በአውሮፕላን ጨው ማስመጣት ድረስ አስፈልጓቸዋል። ለምን ጨው? በረጠበ አመዳይ ላይ ጨው ሲነሰነስ ጥቂቱን ያቀልጣል፤ ሲያቀልጥም ከዙሪያው ሙቀት ይወስዳልና የቀረው ውኃ ተመልሶ ይጠጥራል። አሞሌ ገንዘብ ሆኖ ከኖረበት አገር የሆንን ሰዎች ጨው ተራራ ላይ ሲበተን ብናይ ሳንቈጭ አንቀርም።

ይህ ሙቀት ለሽቅድምድሙ ትልቅ ነገር ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል አመዳዩ ይለሰልሳል፤ ቀድመው የወረዱትም መንገዱን እያረሱት ይሄዳሉ። ስለዚህ 8ኛ ሆና የምትነሣውና 21ኛ ሆና የምትነሣው በስም አንድ ተራራ ይውረዱ እንጂ በእርግጥ በአንድ አመዳይ ላይ አይሄዱም። ይህን ቍጥር ያለ ምክንያት አላነሣሁትም።

የካቲት 5 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2014፣ 8 ቍጥርን ለብሳ የተነሣችው የስዊስ ተወላጅ ወይዘሪት ዶሚኒክ ጊሲን ነበረች። ዕድሜዋ 28፣ አገሯ ኤንገልበርግ የሚባል የተራራ መንደር ነው። ጉልበቷ ዘጠኝ ጊዜ በቀዶ ጥገና ተከፍቷል። ዘጠኝ! ከአራት ዓመት በፊት በቫንኩቨር ኦሊምፒክ በዚሁ በቁልቁለት ውድድር በመጨረሻው መዝለያ ላይ ክፉኛ ወድቃ ራሷን ተመትታ ነበር። በዚህ ቀን የወርቁ ባለቤት ትሆናለች ብለው የገመቱት ጥቂቶች ናቸው። ወረደችና መድረሻው ላይ ሰሌዳው 1 ደቂቃ ከ41.57 ሰከንድ ጻፈላት። አማካይ ፍጥነቷን ብታሰሉት በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ቀጥ ባለው ቦታ ግን ከመቶ በላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነው። ለእኔ ከዚህ ስፖርት ሁሉ የከበደው ይኸኛው ክፍል ይመስለኛል። ሯጭ ቢሸነፍ ተወዳዳሪውን በዓይኑ እያየ፣ እየታገለ ነው። እዚህ ግን የራሷን ሥራ የጨረሰች ሴት እጇን አጣጥፋ ሌሎች ሊቀድሟት ሲወርዱ ታያለች፤ ምንም ልታደርግ አትችልም። 9፣ 10፣ 11 እያሉ ወረዱ። በ18 ቍጥር የወረደችው የራሷ አገር ልጅ የ22 ዓመቷ ላራ ጉት ነበረች። ከሁሉም ይልቅ የቀረበችው እርሷ ናት፤ በ10 የሰከንድ መቶኛ ዘገየች። በመንገድ ርዝመት ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም።

ቀጥሎ በ21 ቍጥር የስሎቬኒያዋ ቲና ማዜ መጣች። ይህች የታወቀች ጀግና ናት። ከዚያ በፊት በነበረው የ2013 የዓለም ዋንጫ ዓመት 2,414 ነጥብ ሰብስባ ከእርሷ በፊት ማንም ያልደረሰበት ላይ ደርሳለች። ነገር ግን ከኦሊምፒክ ወርቅ አልነበራትም፤ በቫንኩቨር ሁለት ጊዜ ብር ወስዳ ተመልሳለች። ከዩጎዝላቪያ የተለየችው ትንሿ አገሯም እስከዚያ ቀን ድረስ በክረምት ኦሊምፒክ አንድም ወርቅ አላገኘችም። ወረደች፤ መሥመሩን ቆረጠች፤ ሰሌዳው ላይም የተጻፈው 1 ደቂቃ ከ41.57 ሰከንድ ነበር።

በስሟ ትይዩ የታየው ደረጃ 1 ነው። የጊሲን ደረጃም አልተነካም፤ 1 እንደ ሆነ ቀረ። ለኦሊምፒክ የተራራ ስኪ ውድድር ይህ አዲስ ነገር ነበር። ብር ለሁለት የተካፈለበት ጊዜ አለ፤ በ1964፣ በ1992፣ በ1998 እንዲህ ሆኗል። ወርቅ ግን ለሁለት ሰው ተሰጥቶ አያውቅም።

እንግዲህ ጠያቂ አንባቢ፣ "እውነት እኩል ናቸው ወይ?" ብሎ ይነሣል። መልሱ፣ ላይሆኑ ይችላሉ የሚል ነው። መለኪያው እስከ ሰከንድ ሺሕኛ ድረስ ያያል። የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ሕግ ግን ከመቶኛው በኋላ ያለው ቍጥር ተቆርጦ እንዲጣል ያዛል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አይጠጋጋም፤ ይቆረጣል። በሮዛ ኹቶር ፍጥነት በአንድ መቶኛ ሰከንድ ውስጥ አንዲት ሴት የምትሄደው 27 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በእኛ መለኪያ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት እንበለው። ከሁለቱ አንዷ ሌላዋን ከዚህ ባነሰ ርቀት ቀድማ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ግን ይህን ለማየት ፈቃደኛ አይደለም።

እኔ ሕጉ ትክክል ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ስምንተኛዋ የወረደችበት አመዳይና ሃያ አንደኛዋ የወረደችበት አመዳይ አንድ አይደለም። በአንዷ ላይ ትንሽ ነፋስ ከፊት ነፍሶ ይሆናል፤ ለሌላዋ ፀሐይዋ አንድ ጥግ አለስልሳባት ይሆናል። እንዲህ ባለ ተራራ ላይ ሺሕኛውን ብንወስድ የምንለካው ሴቶቹን ሳይሆን ፀሐይዋንና ነፋሱን ነው። በዋና ስፖርትም ይህ ትምህርት ተገኝቷል። በ1972 በሙኒክ የስዊድኑ ጉናር ላርሶን አሜሪካዊውን ቲም ማኪን በ2 ሺሕኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ወርቅ ተሰጠው። በኋላ ግን የመዋኛ ገንዳ መሥመሮች ራሳቸው ያን ያህል በትክክል እኩል ሆነው አይሠሩም ተብሎ ነገሩ ወደ መቶኛ ተመለሰ። በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የምነግራቸውም ይህንኑ ነው፤ መለኪያው ከሚለካው ነገር በላይ ሲረቅ፣ የሚጨምረው ቍጥር እንጂ ዕውቀት አይደለም።

እርግጥ ሕጉም ነቀፋ አያጣም። 41.570 የመጣችና 41.579 የመጣች እኩል ይባላሉ፤ 41.579 የመጣችና 41.580 የመጣች ግን ይለያያሉ፣ ምንም እንኳ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከፊተኛው በጣም ያነሰ ቢሆን። ቢላዋው የሆነ ቦታ ላይ ማረፍ አለበትና ይህን ማምለጥ አይቻልም። በእኛም ትምህርት ቤቶች ይህ ክርክር በየዓመቱ ይመጣል። ሁለት ልጆች እኩል አማካይ ሲያመጡ ሁለቱም ካርዳቸው ላይ 1ኛ ይባላሉ፤ ተከታዩ ልጅ 3ኛ ነው። ከነጥብ በኋላ ያለውን ቍጥር ጨምራችሁ ለዩልን የሚሉ ወላጆች አይጠፉም። የአንደኝነቱ ደስታ ሌላ ሰው ሲካፈለው የሚጎድል ይመስላቸዋል። እነዚህን ወላጆች የሮዛ ኹቶርን ፊልም ባሳያቸው እወድ ነበር። ጊሲን በስልክ አያቶቿን አግኝታ ስታለቅስ ትታያለች። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ ጊዜ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ሲወጡ ይታያሉ። በደስታቸው ላይ ጉድለት ያየ ሰው ካለ ዓይኑ ከእኔ የተሻለ ነው።

ላራ ጉት ግን አልሳቀችም። በደንቡ መሠረት ሁለት ወርቅ ከተሰጠ ብር አይሰጥም፤ ስለዚህ ሦስተኛ ተብላ ነሐስ ተሰጣት። ወርቁ ከእርሷ ሦስት ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበርና ማዘኗ አያስፈርድባትም። የራሷን ወርቅ ያገኘችው ከስምንት ዓመት በኋላ በ2022 በቤይጂንግ ነው፤ እርሱም በሌላ ዓይነት ውድድር።

ማዜ ከዚያ ሽቅድምድም ስድስት ቀን በኋላ በዚያው ተራራ ላይ ሌላ ወርቅ ጨመረች፤ ያን ጊዜ ለብቻዋ። ስለ ጊሲን ግን ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። በጥር 2009 በኦስትሪያ በሳውከንዜ ቁልቁለት የመጀመሪያዋን የዓለም ዋንጫ ድል ያገኘች ቀንም ለብቻዋ አልነበረችም፤ ከስዊድኗ አንያ ፐርሶን ጋር በመቶኛ ሰከንድ እኩል ወጥተው ነው። እንዲህ ያለ ዕጣ ሁለት ጊዜ የደረሰው ሰው ሌላ አላውቅም። በ2015 ስኪውን አቁማ በዙሪክ በታወቀው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ለመማር ገባች፤ ጊዜና ፍጥነት የሚለካበትን ትምህርት ማለት ነው።